«ገብቶሃል?» — ከሌባ ሻይ እስከ ልደታ

ድሮ በአገራችን ዕቃ ጠፍቶ ሌባው አልታወቅ ሲል የሚጠራ ሰው ነበር፤ ሌባ ሻይ። (ከምንጠጣው ሻይ ጋር ዝምድና የለውም፤ «ሻ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ የሚፈልግ፣ የሚያስስ ማለት ነው።) ታዲያ ይህ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ ልጅ ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ነው። በወተት የተበጠበጠ መድኃኒት ያጠጡታል፤ የሚጨስ ነገር ያስቡታል። ጥቂት ቆይቶ ልጁ ራሱን ይስታል። በወገቡ የታሰረውን መቀነት አንድ ጎልማሳ ይይዝለትና ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየሮጠ፣ መንደሩን ያካልላል። ተበዳይና ጎረቤት ከኋላ ከኋላው ይከተላል። ልጁ ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ዕዳውን ይከፍላል፤ አለቀ።

ይህን ሥርዓት አገራችንን የጎበኙ የውጭ ሰዎች በተደጋጋሚ ጽፈውታል፤ የእኛም አያቶች አውርተውታል። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስም ቆይቷል። ስለ ሌባ ሻይ ስናነሳ ሁላችንም ቶሎ የምናዝነው ያለ ጥፋቱ ሌባ ለተባለው ባለቤት ነው። እውነትም ያሳዝናል። እኛ ግን በዚህች ጽሑፍ ዓይናችንን ወደ ልጁ መመለስ እንወዳለን። ፍርዱ የተሰጠው በእሱ እግር ነው። ነገር ግን ፍርዱ እንዲሰጥ መጀመሪያ የተወሰደው የእሱ አእምሮ ነው። ልጅ ንጹሕ ነው፣ አይዋሽም ተብሎ ተመረጠ፤ ከዚያም የሚያስበው ነገር እንዳይኖር ተደረገ። «ምን እየተደረገብህ እንደሆነ ገብቶሃል?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ቢጠየቅስ ምን ይመልስ ነበር!

ዛሬ ሌባ ሻይ የለም። ልጆች ግን ዛሬም ፍርድ ፊት ይቆማሉ። ጥያቄያችን ይኸው ነው፦ የአገራችን ሕግ፣ ልጅ ተከሶ ሲቀርብ፣ የቆመበትን ቦታና የተባለውን ነገር የሚረዳበት አእምሮ እንዳለው የሚጠይቀው መቼ ነው? የሚጠይቀውስ እንዴት ነው?

ከጥንቱ እንጀምር። በ15ኛው መቶ ዓመት ግድም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ሕፃኑንና እብዱን ከቅጣት ነፃ በሚወጡት ወገን አስቀምጧቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ያደረጉትን አያውቁም። ይህ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን መጽሐፉ በግዕዝ ነው፤ በየዛፉ ጥላ ሥር «ተጠየቅ ልጠየቅ» እያለ ይሟገት የነበረው ሕዝብ አብዛኛው ግዕዝ አይሰማም። ሊቃውንቱ በፍትሐ ነገሥት ልጁን ሲምሩት፣ ሌባ ሻይ ደግሞ በመቀነት ጎትቶ ያስሮጠዋል። ሁለቱ ጎን ለጎን ኖሩ። እንግዲህ መልካም ሕግ መኖሩና ሕጉ ለልጁ መድረሱ አንድ ነገር አለመሆኑን ገና ከጥንቱ ልብ እንበል፤ ወደፊት ይጠቅመናል።

ዘመናዊው ሕግ የመጣው በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሲወጣ ነው። ለዛሬው አሠራር መሠረት የጣለው ግን በስዊሱ የሕግ ሊቅ በዣን ግራቨን ረቂቅነት ተዘጋጅቶ በ1949 ዓ.ም. የታወጀው ነው። ይህ ሕግ ልጅነትን በዕድሜ ሦስት ቦታ ከፈለው። ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አምስት ያለው «ወጣት ጥፋተኛ» ተብሎ ለብቻው በተዘጋጁ እርምጃዎች ይታያል፤ ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት መታገድ፣ ጠባይ ማረሚያ መግባት፣ ወዘተ። (ያኔ በአርጩሜ መገረፍም ነበረበት፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀርቷል።) ከዐሥራ አምስት እስከ ዐሥራ ስምንት ያለው ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ይከሰሳል፤ ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል፤ የሞት ፍርድ አይፈረድበትም። የ1996ቱ ሕግ ይህን አከፋፈል እንዳለ ወስዶታል። ስለዚህ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ንጉሡን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን አልፎ ከእኛ ጋር አለ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 አገሮች ይህን ወለል ቢያንስ ወደ ዐሥራ አራት ከፍ እንዲያደርጉ መክሯል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከአንቀጽ 171 እስከ 180፣ ወጣት ጥፋተኞች የሚዳኙበትን መንገድ ይደነግጋል። ያነበበው ሰው ሕጉን ያወጡትን ያመሰግናል እንጂ አይወቅስም። ልጁ ሳይውል ሳያድር በአቅራቢያው ወዳለው የወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ወላጁ ወይም አሳዳጊው ይጠራ ይላል። ችሎቱ በዝግ፣ በዳኛው ቢሮ፣ ያለ ግርግርና ያለ ወግ ይሁን ይላል። ልጁ ሊሰማው የማይገባ ነገር ሲነገር ከክፍሉ ይውጣ ይላል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ካልቀረበለት፣ ወይም ክሱ ከዐሥር ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ጠበቃ ይቁምለት ይላል።

ከዚህ ሁሉ መካከል በአንቀጽ 176 ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በእኛ አነጋገር ስናስቀምጣት እንዲህ ነው፦ ክሱ ለልጁ ተነቦለት ምን ትላለህ ሲባል፣ ከሚናገረው ቃል ክሱን በሙሉ መረዳቱና ማመኑ ግልጽ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ቃሉን ጽፎ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል።

ልብ በሉ፤ «ማመኑ» ብቻ አላለም። «መረዳቱ» ብሏል። የልጁ መረዳት በዚህ ሥነ ሥርዓት ውስጥ ተለይቶ የተጠቀሰው እዚህች ላይ ነው። መረዳቱ እንዴት ይታወቅ? ማን ይመርምረው? ምን ምን ይጠየቅ? በእነዚህ ዐሥር አንቀጾች ውስጥ መልሱ የለም። ሁሉም ለዳኛው ዓይንና ጆሮ ተትቷል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች እንዳይምታቱብን እንለያቸው። አንደኛው ወደ ኋላ የሚያይ ነው፦ ልጁ ጥፋቱን ሲፈጽም አእምሮው ጤነኛ ነበር ወይ? ለዚህ ሕጉ በቂ መሣሪያ አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 48 እና 49 በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአእምሮ ዕድገት መዘግየት ምክንያት ያደረገውን የማያውቅን ሰው ከኃላፊነት ያወጣሉ ወይም ኃላፊነቱን ያቀልላሉ። አንቀጽ 51 ጥርጣሬ ሲኖር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲያስቀርብ ያዛል። አንቀጽ 54ም ስለ ወጣቱ ጠባይ፣ አስተዳደግና ጤንነት እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ሰው ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣው አማኑኤል ሆስፒታል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ስለ ዛሬ ነው። ልጁ አሁን፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ዳኛ ምን እንደሆነ ያውቃል ወይ? ዝም ማለት እንደሚችል፣ «አላደረግሁም» ማለት እንደሚችል ያውቃል ወይ? «አዎ» ቢል ምን እንደሚከተል ይገባዋል? የሚቆምለት ሰው ቢኖር ለዚያ ሰው ነገሩን ማስረዳት ይችላል? ፍጹም ጤነኛ የሆነ ልጅ፣ ትናንት ያደረገውን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ፣ ይህን ሁለተኛውን ላያውቅ ይችላል። እብድ ስለሆነ አይደለም። ልጅ ስለሆነ ነው።

ይህን እያሰብን ነው አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ልደታ የሄድነው። የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤትም የልደታ ምድብ ችሎት አለው። የከተማው ሰው «የልደታ ጠባይ ማረሚያ» እያለ የሚጠራው የወጣቶች ማቆያም ከሰፈሩ ስም ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው፤ በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን «ልደታ አስገባሃለሁ!» ብሎ ያላስፈራራ አባት ጥቂት ነው። ችሎት ለማየት እንደማንገባ እናውቅ ነበር፤ የልጆች ጉዳይ ዝግ ነው፤ መሆንም አለበት። በአጥሩ ዙሪያ ግን ሕይወት አለ። ራፖር ጸሐፊ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጀበና ቡና፣ ፋይል በፌስታል የያዘች እናት። ከማርያም ቤተ ክርስቲያን በኩል የሚመጣ ነጠላ የለበሰ ሰው። አንድ ሊስትሮም ነበረ። ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው አለን፤ ቀጥሎ ደግሞ ዐሥራ ሦስት አለ።

ከመካከላችን አንዱ ጫማውን እያስጠረገ ጠየቀው።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ምንድን ነው የሚሠራው?»

«ሰው ይታሰርበታል፣ ጋሼ።»

«ዳኛስ ማነው?»

«የፖሊሶቹ አለቃ ነዋ!»

«እሺ፣ አንተ አንድ ነገር ሰረቅህ ተብለህ ዳኛው ቢጠይቅህስ? ያልሰረቅኸውን?»

ብሩሹን ይዞ ትንሽ አሰበ። «አልሰረቅሁም እላለሁ።»

«ቢቆጣህስ?»

«ከተቆጣማ... አዎ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወደ ቤት ይለቁኛላ!»

ሳቅን። ቆየት ብሎ ግን ሳቁ ጠፋብን። ይህ ልጅ ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ ከእኛ ይፈጥናል፤ የመልስ ሳንቲም አላታለልነውም፤ ብንሞክርም አይሆንልንም። ያሳደግነው ግን እኛው ነን። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አቀርቅር፣ አትመልስ፣ ይቅርታ በል እያልን። ቤቱ ውስጥ «አዎ ጥፋቴ ነው» ማለት ነገሩ የሚዘጋበት ቃል ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ግን ነገሩ የሚጀመርበት ቃል ነው። ይህን ልዩነት ማን ነገረው?

ይህ የእኛ አገር ልጅ ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 በቶማስ ግሪሶና በባልደረቦቹ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከዐሥራ አንድ እስከ ሃያ አራት የሆኑ ወደ 1,400 የሚጠጉ ወጣቶችን መርምሮ ነበር። ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሦስት ካሉት አንድ ሦስተኛው ያህል፣ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ከሆኑት አንድ አምስተኛው ያህል፣ የፍርድ ሂደትን ለመረዳት ያላቸው ችሎታ፣ ለፍርድ ብቁ አይደሉም ሊባሉ ከሚችሉ የአእምሮ ሕሙማን አዋቂዎች ያልተሻለ ሆኖ ተገኘ። ትንንሾቹ ደግሞ ትልቅ ሰው ያለውን ወደ መቀበል ያዘነብላሉ። ሊስትሯችን ያለውን ማለት ነው፤ በሌላ ቋንቋ።

አሜሪካኖቹ ወደዚህ ጥያቄ የመጡት ተሰናክለው ነው። የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1899 ቺካጎ ሲከፈት ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ዳኛው እንደ አባት ይሁን፣ ወግና ጠበቃ አያስፈልግም ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሪዞና ጄራልድ ጎልት የሚባል የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ለጎረቤት ሴት ስልክ ደውሎ ብልግና ተናግሯል ተብሎ ተያዘ። ጠበቃ የለ፣ ከሳሿ አልቀረበች፣ የቃል መዝገብ አልተያዘ። ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ማረሚያ ይቀመጥ ተባለ። ያንኑ ያደረገ አዋቂ ቢሆን ቢበዛ ሃምሳ ዶላር ወይም ሁለት ወር እስራት ነበር ቅጣቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ልጅም ጠበቃ፣ ከሳሽን መጠየቅና ዝም የማለት መብት አለው አለ። መብቱ ከተሰጠ በኋላ ነው እንግዲህ «መብቱ ይገባዋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የተከተለው። ያልገባው መብት ኪሱ ውስጥ እንዳለ የማያውቀው ገንዘብ ነውና።

ወደ አገራችን እንመለስና አንድ እንቆቅልሽ እናቅርብ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። አንድ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ መርካቶ ሱቅ ተከራይቶ ውል ቢፈርም ውሉ ሊፈርስ ይችላል፤ ምክንያቱም «የፈረመው ምን እንደሆነ አልገባውም» ይባላል። ያው ልጅ ዳኛ ፊት ቀርቦ ለክሱ «አዎ» ቢል ግን ቃሉ ሊጸና ይችላል፤ ምክንያቱም «ገብቶታል» ተብሏል። ለኪራይ ያልገባው ለነፃነቱ ገባው ማለት ነው? ሕጉ ልጁን ከነጋዴ ለመጠበቅ ከዳኛ ከመጠበቅ ይልቅ የበለጠ ተጨንቋል ብንል ማጋነን ይሆን?

ችግሩ ዕድሜውም ላይ አለ። ሕጉ ሁሉን ነገር በቁጥር አሰረው፤ ዘጠኝ፣ ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስምንት። ቁጥሩን ግን ማን ያውቀዋል? የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ልደቱ የተጻፈው በእናቱ ትዝታ ላይ ነው፤ «ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ ጤፉ ሲታጨድ።» ነገሩ ሲያከራክር ሐኪም የእጅ አጥንትና ጥርስ በኤክስሬይ ያያል። አጥንት ደግሞ በጥቂቱ ሁለት ዓመት ወዲህ ወዲያ ሊሳሳት ይችላል። ዐሥራ አምስት ዓመት ድንበር በሆነበት አገር ሁለት ዓመት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከድንበሩ ወዲህ ከሆነ በዳኛው ቢሮ፣ በዝግ፣ በለዘብታ ይታያል። ወዲያ ከሆነ እነዚያ ከ171 እስከ 180 ያሉት አንቀጾች አያገኙትም፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳጥን ውስጥ ይቆማል። አእምሮው ግን በአንድ ሌሊት አላደገም።

ልጅነት ጨርሶ ያልተቆጠረበት ጊዜም አይተናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት፣ በየቀበሌው ታስረው ከተገረፉትና ከተገደሉት መካከል ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበሩ ልጆች አሉ። በእጅ የተገኘ ወረቀት በቂ ማስረጃ ነበር። ያኔ «ገብቶሃል?» የሚል ጠያቂ ቀርቶ «ስንት ዓመትህ ነው?» የሚልም አልተገኘም። ከሌባ ሻይ ሕግ ወደ ሌለበት ሳይሆን፣ ጥሩ የተጻፈ ሕግ እያለ ወደማይከፈትበት ዘመን ገባን ማለት ነው። ቀደም ብለን ልብ እንበል ያልነው ይህን ነው።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የተሠራ ነገር የለም አንልም። አንቀጽ 36 የሕፃናት ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን፣ ወጣት ጥፋተኞችም ከአዋቂ ተለይተው እንዲያዙ ያዛል። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ተቋቁሟል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ከተከሳሹ ጋር ዓይን ለዓይን ሳይተያይ፣ በሌላ ክፍል ሆኖ በቴሌቪዥን መስመር የሚመሰክርበት አሠራርም መጥቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ለሚመሰክረው ልጅ የታሰበው ያህል ለተከሰሰውም ይታሰብ ነው የምንለው። ሁለቱም ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም አንድ ልጅ ናቸው።

የሚቃወመን ሰው እንዳለ እናውቃለን። ከራሳችን መካከልም አንዱ ተከራክሯል። «ምርመራ ምርመራ ስትሉ ልጁን ለወረፋ ትዳርጉታላችሁ፤ ዛሬ ተግሣጽ ተሰጥቶት የሚሄደው ልጅ የሐኪም ወረቀት ሲጠብቅ ወር ይቆያል» አለ። እውነቱን ነው። በዩኒቨርሲቲያችን የአእምሮ ሐኪሞች የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የልጆችን አእምሮ ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ልጅን ሁሉ ወደ ሆስፒታል መላክ ደግነት መስሎ ሌላ እስር ይሆናል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ አብዛኛውም ገንዘብ አይፈልግም። ዳኛው «ገብቶሃል?» ብሎ «አዎ»ን ከመቀበል ይልቅ፣ «እስቲ በራስህ ቃል ንገረኝ፤ ምን ተባልክ? አላደረግሁም ብትል ምን ይሆናል? አዎ ብትልስ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ይጻፍ። ክሱ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ልጁ ከማመኑ በፊት የሚያነጋግረው አንድ የራሱ ሰው ይኑረው። ዕድሜው ሲያጠራጥር ጥርጣሬው ለልጁ ይጠቀምለት። በመልሱ ውስጥ ከልጅነት ያለፈ እክል ሲታይ ብቻ ባለሙያ ይጠራ። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ እንዲያውም «መረዳቱ ግልጽ ከሆነ» ያለው ይህንኑ ለማለት ነው ብለን እናምናለን። ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጦ አንባቢ ይጠብቃል።

ጫማውን ያስጠረገው ጓደኛችን ሲነሳ ልጁን «ዳኛ የፖሊስ አለቃ አይደለም፤ ላልሰረቅኸው አዎ አትበል፣ እሺ?» አለው።

«እሺ ጋሼ» አለ ልጁ፤ አንገቱን ደፍቶ፤ ቶሎ።

እሺ ያለው ገብቶት ይሁን ወይስ እኛን ለማሰናበት፣ እስከ ሜክሲኮ በእግራችን ስንሄድ ተከራከርንበት። የሌባ ሻይን ልጅ የሚጎትተው መቀነት ነበር። ይህን የሚጎትተው «እሺ» የምትል ቃል ናት። ያሰርንለት እኛ ነን፤ መፍታቱም የእኛው ነው።